ዋሽንቱ እንዳይዋሽ
ስለ ዋሽንት አሠራር ወረታ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት ዋሽንቶች ተመልከቱልኝ። የመጀመሪያው ከርብ ወንዝ ዳር የተቆረጠ ሸምበቆ ነው፤ ዕድሜው ገፍቶ መልኩ እንደ ቡና ጠይሟል። ሁለተኛው ለመጠጥ ውኃ መስመር የተመረተ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ሄዳችሁ የምታገኙት ነው። ሦስተኛው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ክር የተሸለመ፣ ገና ሲያዩት ዓይን የሚስብ ነው። በሦስቱም አንዱኑ የትዝታ ዜማ በየተራ ልንፋላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ጆሮ ብቻ ሁኑልኝ።

ሰማችሁ? ከፊት የተቀመጡት እናቴ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። ልክ ናቸው። ያ ዋሽንት ይዋሻል። ከታች ስንቆጥር ሦስተኛው ቀዳዳው ከልኩ በላይ ይጮኻል፤ ዜማው እዚያ በደረሰ ቁጥር ይሰበራል። ከዓመታት በፊት የስጦታ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ጌጡን አይቼ ደስ አለኝና ሳልሞክረው ከፈልኩ። ማታ አንድ ወዳጄ ማሲንቆውን ይዞ መጣ፤ አብረን ልንጫወት ስንል አልሆነም። ማሲንቆው ጭራውን ከረር ላላ እያደረገ ብዙ ለመነው፤ ዋሽንቱ ግን አንዴ የተበሳ ቀዳዳ ነውና ከየት ይምጣ!

ሁለቱ እውነት የተናገሩት ግን ርካሾቹ ናቸው። አንዱ ከወንዝ ዳር የመጣ፣ ሌላው ከቧንቧ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የወረደ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ዋሽንት ርካሽ መሆን ይችላል፣ መሆንም አለበት፤ ልኩ ግን መርከስ የለበትም። ርካሽ ሆኖ እውነተኛ የሆነ ዋሽንት በየልጁ እጅ ከገባ ዜማችን ይኖራል። ርካሽ ሆኖ ውሸተኛ የሆነ ዋሽንት ግን የልጁን ጆሮ ያበላሻል። ጆሮ ከተበላሸ ደግሞ ለመጠገን ከዋሽንት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ሜዳው ትምህርት ቤት ነበር

የፎገራን ሜዳ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በስተምሥራቅ ከጉና ተራራ ወገን የሚወርዱት ርብና ጉማራ ክረምት ሲገባ ከአፋቸው ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ በስተምዕራብ ጣና ይጠብቃቸዋል። ውኃው ሲሸሽ የሚተወው ጥቁር አፈር ሣር ያበቅል ነበር፤ ሣሩም ከብት። የፎገራ ላም በወተቷ፣ በገራምነቷና ረግረግ በመቻሏ በአገር የታወቀችው ከዚህ ሣር የተነሣ ነው።

ከብት ባለበት እረኛ አለ፤ እረኛ ባለበት ዋሽንት አለ። እኔ ዋሽንት የተማርኩት ከእኔ አራት አምስት ዓመት ከሚበልጠኝ፣ «አያ» እያልኩ ከምከተለው የጎረቤት ልጅ ነው። ሸምበቆ ቆርጦ፣ እሳት አንድዶ፣ የአጥር ሽቦ አግሎ ሲበሳ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሽቦው ሸምበቆውን ሲነካ «ችስ» ይልና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ይወጣል። አንድ ቀዳዳ በበሳ ቁጥር አፉን አስጠግቶ ይነፋል፤ ያዳምጣል፤ ሽቦውን መልሶ ያግላል። እኔ በችኮላ ራሴ በሠራሁት ዋሽንት አራቱንም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ በሳሁና ወሰድኩለት።

«አያ፣ ይኼ ለምን እንደ አንተ አይናገርም?» አልኩት።

ተቀብሎ ነፋና መለሰልኝ። «አልጠየቅኸውማ» አለኝ። «እያንዳንዱን ቀዳዳ ጠይቀው፤ ሲመልስልህ ወደ ሌላው እለፍ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ መሣሪያ አሠራር ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክር ግን አላገኘሁም።

ዛሬ ያ ሜዳ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ፤ ጅግናና ሻጋን በመሳሰሉ ቀበሌዎች ተሞክሮ ተስፋፋ። ዛሬ የወረታ ስም ሲነሣ የሩዝ መፈተጊያ የማይታወሰው የለም። ይኼን የምለው ለማማረር አይደለም። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለገበሬው እንጀራ ሆኗል፤ ሰዉ «ነጭ ወርቅ» ቢለው እውነት አለው። ግን የግጦሹ ሣር ለሩዝ ቦታውን ሲለቅ፣ ከብቱም በየደጁ ታስሮ የሩዝ ጭድ ሲበላ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሜዳ የሚውል እረኛ ጠፋ። ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፤ እሰይ! ዋሽንት የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ግን ያ ሜዳ ነበር፤ ተዘጋ። አያዬ እንዳስተማረኝ የሚያስተምር ሰው፣ ቁጭ ብሎ ለማየትም ረጅሙ የሜዳ ቀን፣ አብረው ነው የሄዱት።

የፎገራ ላም ዘርዋ እንዳይጠፋ አንዳሳ ላይ የምርምር ማዕከል ይዞአታል። ለሩዙም እዚሁ ፎገራ ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ተሠርቶለታል። ሁለቱም ይገባቸዋል። የላሚቱን እረኛ ዋሽንት ደግሞ እኛ እንያዘው ነው የምለው። ለዚህ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንድ መጋዝ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ የታመነ ልክ ይበቃል።

አራት ቀዳዳ፣ አምስት ድምፅ

በአገራችን የሚነፉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሞላም፣ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ይነፉታል። በደቡብ የደራሼ ሕዝብ ፊላም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ይዞ መንደሩ በሙሉ አንድ ዜማ ይሆናል። ዋሽንት ከእነዚህ የሚለየው የብቸኛ ሰው መሣሪያ በመሆኑ ነው። እረኛው አጠገቡ ሰው የለም፤ ስለዚህ ዜማው ሁሉ በአንድ ሸምበቆ ውስጥ መግባት ነበረበት።

እንዴት ገባ? ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምባሰልም በሉት አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አሁን ዋሽንቱን እዩ። አራቱ ቀዳዳ ሲደፈን አንድ ድምፅ፤ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፈት አራት ድምፅ፤ ድምሩ አምስት። የጎደለ የለም፣ የተረፈም የለም። ትንፋሹን ጠበቅና ጠንከር ስታደርጉት ደግሞ እነዚያው አምስቱ አንድ ስምንተኛ ወደ ላይ ወጥተው ይደገማሉ። ይኼን ያሰበው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን በየእረኛው ወገብ ላይ ተሰክቶ ኖሯል።

አንድ ዋሽንት ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ ያው ነው። ጎበዝ ዋሽንተኛ ቀዳዳውን በከፊል እየሸፈነ ጥቂት ሊያጣምመው ይችላል፤ ቢሆንም ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ወይም ቅኝት ስትለውጥ ሌላ ዋሽንት ማንሣት ግድ ነው። ለዚህ ነው የመድረክ ዋሽንተኛ በከረጢቱ ረጅምና አጭር ዋሽንት ደርድሮ የሚዞረው። እንግዲህ አስቡት፤ ባለ ክራር አንድ ክራር ገዝቶ ይቃኘዋል፣ ዋሽንተኛ ግን አምስት ስድስት ዋሽንት ያስፈልገዋል። ርካሽ ካልሆነ ማን ይችለዋል?

ዋሽንት ከሜዳ ወደ መድረክ የመጣበትን ታሪክም በአጭሩ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1963 የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ በየብሔረሰቡ ለየብቻቸው ይኖሩ የነበሩ መሣሪያዎች አንድ መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። በኋላ ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መራው፤ ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰለ ዋሽንተኛ ከዚያ መድረክ ተሰማ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደም «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘ የኦርኬስትራ ድርሰት ጽፎ የሜዳውን ልጅ ከቫዮሊን ጎን አስቆመው። እዚህ ላይ ግን አዲስ ጥያቄ ተወለደ። እረኛው ብቻውን ሲነፋ ዋሽንቱ ከራሱ ጋር ከተስማማ ይበቃው ነበር። መድረክ ላይ ሲወጣ ከማሲንቆ፣ ከክራር፣ ከሌላ ዋሽንት፣ ዛሬ ደግሞ ከኪቦርድ ጋር መስማማት ግድ ሆነበት። ክራርና ማሲንቆ ከዋሽንቱ ጋር ሊስማሙ ይቃኛሉ፤ ኪቦርድ ግን አይለመንም። ልክ የሚባለው ነገር ከዚያ ወዲህ እጥፍ ከበደ።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ድምፁ ራሱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ይኼን የማያውቅ ሠሪ መቅዳት ይችላል፤ የተበላሸ ማረም ግን አይችልም።

ከንፈር የለቀቀው ቀጭን ትንፋሽ የዋሽንቱን ጠርዝ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይወላውላል። ያ መወላወል ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል። የሚጮኸው ሸምበቆው አይደለም፤ ውስጡ ያለው አየር ነው። አየሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የሚወስነው ደግሞ በዋናነት የቱቦው ርዝመት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት አፉ ክፍት በሆነ ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው የድምፅ ማዕበል የቱቦውን ርዝመት ሁለት እጥፍ ይሆናል። ዋሽንቱ 50 ሴንቲሜትር ከሆነ ማዕበሉ 1 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አየሩ በሰከንድ 343 ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ነው። ማዕበሉ ከሁለቱም አፍ ትንሽ ወጣ ስለሚል በተግባር ወደ 330 ይወርዳል። ለሕፃን እጅ እንዲመች 38 ሴንቲሜትር ብታደርጉት ወደ 430 ይጠጋል፤ አጭር ዋሽንት የሚቀጥነው ለዚህ ነው።

ቀዳዳ ስትከፍቱ አየሩን አሳጠራችሁት ማለት ነው። ትዝታ ሜጀር ለሚባለው የትዝታ ዓይነት የሚያስፈልገው የአየር ርዝመት፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ፣ ከሙሉው ከ9 እጅ 8 እጁ፣ ቀጥሎ ከ5 እጅ 4 እጁ፣ ከ3 እጅ 2 እጁ፣ በመጨረሻም ከ5 እጅ 3 እጁ ነው። ጣት የሚደፍነው ቀዳዳ ግን ከቱቦው አፍ ያነሰ ስለሆነ አየሩ በቀላሉ አይወጣለትም፤ ቱቦው ከቀዳዳው አልፎ የረዘመ ያህል ይሠራል። ስለዚህ ቀዳዳው በወረቀት ላይ ከተሰላው ቦታ ወደ አፍ ወገን ከፍ ማለት አለበት። ሁለት ሕጎችን ብቻ ያዙልኝ፤ ቀዳዳ ሲሰፋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲጠብ ይወፍራል፤ ቀዳዳ ወደ አፍ ሲጠጋ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። የዋሽንት ጥገና ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሕጎች ያልቃል።

ብርድና ሙቀትም አለ። በታኅሣሥ ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ የተቃኘ ዋሽንት ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን ከግማሽ ድምፅ እኩሌታ በላይ ከፍ ይላል፤ በሞቀ አየር ድምፅ ይፈጥናልና። ስለዚህ ጠዋት ልክ የነበረውን ከሰዓት በኋላ «ተበላሸ» ብላችሁ አትጣሉት። ከመቃኘታችሁ በፊትም በትንፋሻችሁ አሙቁት።

ሸምበቆው

ሸምበቆ የሚቆረጠው ክረምቱ አልፎ፣ ግንዱ ጠንክሮ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲያደላ ነው። የዓመቱ ቡቃያ ውኃ ስለሚበዛበት ሲደርቅ ይጨማደዳል። የተቆረጠው ጥላ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ ሸምበቆ ይሰነጠቃል። ውፍረቱ አውራ ጣት ያህል፣ ቀጥ ያለ፣ አንጓው የተራራቀ ይመረጣል። ከርከሃም ይሆናል፤ ግን የደጋው፣ እንደ አዊ ባለ ቦታ የሚበቅለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ነው። የቆላው ከርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሚሆን ለዋሽንት አይመችም።

አንጓው ውስጥ ያለው ግድግዳ በጋለ ብረት ይበሳና ይጠራል። ውስጡ ሻካራ ከሆነ ድምፁ ይሻክራል፤ ስለዚህ ጨርቅ በቀጭን ዘንግ ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ እሹት። የሚነፋበት ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይቆረጥና ከንፈር እንዳይቆርጥ፣ ትንፋሹን ግን እንዲሰነጥቅ ሆኖ ይሳሳል። ከዚያ ቀዳዳ። ሁልጊዜ ከታችኛው ጀምሩ፤ ሁልጊዜ ትንሽ አድርጋችሁ ብሱ። ንፉት፣ አዳምጡት። ከወፈረ አስፉት፣ ትንሽ በትንሽ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ልኩ ሲደርስ ወደ ሁለተኛው። አያዬ «ጠይቀው» ያለኝ ይኼን ነው። በመጨረሻ ውስጡን የኑግ ዘይት አቀባዋለሁ፤ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ስለሚደርቅ ሸምበቆውን ከትንፋሽ እርጥበት ይጠብቀዋል። እንዳይሰነጠቅም ጫፍና ጫፉን በክር ወይም በጅማት ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው።

የሸምበቆ ጉዳቱም ጸጋውም አንድ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሸምበቆ የለም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጫፉ የጠበበ ነው። ስለዚህ የአንዱን ቀዳዳ ለክታችሁ በሌላው ላይ ብትበሱ ይዋሻችኋል። ለእያንዳንዱ ጆሮ ያስፈልገዋል። የሱቁ ዋሽንቴ የዋሸው፣ እንደምገምተው፣ ጆሮ ባላየው ልክ፣ ለሽያጭ ብቻ በአንድ መስመር የተበሳ ስለሆነ ነው።

ቱቦው

«ፕላስቲክ ዋሽንት የባህል ዋሽንት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከማከብራቸው አባቶች ነው የሚመጣው። አከብረዋለሁ። መልሴን ልበል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ኮልትማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት የተሠሩ፣ ስፋታቸውና ርዝመታቸው አንድ የሆነ ፍሉቶች ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚነፋ ያህል ለሰሚዎች አሰማ። ሰሚዎቹ የትኛው ከምን እንደተሠራ መለየት አልቻሉም፤ የነፉትም ማየትና ክብደቱን ማወቅ ሲከለከሉ አልለዩትም። ቀደም ሲል እንዳየነው የሚጮኸው አየሩ ነው። ልኩ ትክክል፣ ጠርዙ ንጹሕ፣ ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ቱቦው ከምን እንደተሠራ ለጆሮ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። እናንተም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰምታችኋል።

የቱቦ ትልቁ ጥቅም ግን ርካሽነቱ አይደለም፤ አንድ ዓይነትነቱ ነው። ፋብሪካ ያወጣው ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ እኩል ነው፤ አጠገቡ ያለውም እንደዚያው። እንግዲህ ጆሮው የታመነ አንድ ዋሽንተኛ አንዱን ቱቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ጠይቆ ልክ ካደረሰው፣ የቀዳዳው ቦታና ስፋት በአንድ ዘንግ ላይ ይመዘገባል። ያ ዘንግ የልክ ዘንግ ይሆናል። ከዚያ 40 ተማሪ በዚያ ዘንግ 40 ዋሽንት ቢሠራ አርባውም እርስ በርሱ ይስማማል። አንድ 3 ሜትር ቱቦ 50 ሴንቲሜትር የሆነ 6 ዋሽንት ይወጣዋል፤ ለትንሽ ልጆች በ38 ሲቆረጥ 7። የአዋቂው ጆሮ በሸምበቆ አንድ ዋሽንት ይሠራ ነበር፤ በልክ ዘንግ ግን አንድ ክፍል ተማሪ ያስታጥቃል። የቱቦው ስፋት ሲለወጥ ግን ዘንጉም ይለወጣል፤ ይኼን እንዳትረሱ።

ስለ ጤና ሦስት ነገር በጥብቅ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ፕላስቲክ ቱቦ በጋለ ብረት አትብሱ። በሸምበቆ ላይ የሚያምረው ያ «ችስ» ብሎ የሚወጣ ጭስ ፒቪሲ በሚባለው በዚህ ፕላስቲክ ላይ መርዝ ነው፤ ሲቃጠል ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። በእጅ መሰርሰሪያ ብሱ፣ በቢላዋ ጫፍና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፤ ስትሞርዱም ብናኙ እንዳይነሣ ውኃ አርከፍክፉበት። ሁለተኛ፣ ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚውለው ቱቦ በየግንባታው ወድቆ ቢገኝም ለአፍ አልተሠራም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ፕላስቲኩ እንዲጸና የእርሳስ ማዕድን ውህድ ሲጨምሩበት ኖረዋል፤ እርሳስ ደግሞ ለሕፃን አእምሮ ጠላት ነው። ለመጠጥ ውኃ የተመረተውን አዲስ ቱቦ ምረጡ። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ዋሽንት የራሱ ይሁን፤ ፕላስቲክ ከሸምበቆ የሚሻልበት አንዱ ነገር በሳሙና መታጠቡ ነው።

ሸምበቆ ይቅር አልልም፤ እግዜር አያምጣው። ልጁ በቱቦ ጣቱንና ጆሮውን ይፍታ፤ ሲጎለምስ ሸምበቆውን ራሱ ይቁረጥ፣ ራሱ ይጠይቀው። ቱቦው ፊደል መቁጠሪያ ነው፤ ሸምበቆው ዳዊት መድገሚያ።

ርካሽ መሣሪያ ምን ያህል ይሄዳል?

በእንግሊዝ አገር ኮኒ ዌስተን በምትባል መንደር ሮበርት ክላርክ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ቆርቆሮ አጥፎ ፉጨት የተባለውን ትንሽ የሚነፋ መሣሪያ መሥራት ጀመረና ዕቃውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ወደ ማንቸስተር በእግሩ ተጓዘ፤ በየመንገዱም እየሠራ ይሸጥ ነበር። ድሃ የሚገዛው ነበር፤ «የሳንቲም ፉጨት»ም ይባላል። ያ ቆርቆሮ ዛሬ ያለ እርሱ የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ የማይታሰብ ሆኗል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕፃናት ያንኑ ዓይነት ርካሽ ፉጨት ጆሃንስበርግ ጎዳና ላይ ይዘው ክዌላ የተባለ አዲስ ሙዚቃ ፈጠሩ፤ እንደ ስፖክስ ማሺያኔ ያሉ ተጫዋቾችም በአገሩ ሁሉ ተሰሙ። የአፓርታይድ ሕግ መድረክ ለከለከላቸው ልጆች ያ ፉጨት መድረካቸው ሆነ።

በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፉጨቱ ርካሽ ነበር፤ ግን ልኩን የጠበቀ ነበር። አንዱ ከሌላው ጋር ስለሚስማማ ልጆቹ ተሰብስበው መንፋት ቻሉ። ርካሽነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይወጣውም ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አባቶችና ወንድሞች፣ በየቀበሌው ዋሽንት የሚነፋ፣ ጆሮው የታመነ ሰው ካለ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይስጠን፤ አንድ ቱቦ ይቃኝልን፤ የልክ ዘንጉን እናውጣ። በስልክ ላይ ያለው የመቃኛ መተግበሪያ ከኪቦርድ ጋር ያስማማናል፤ ጥሩ ነው፣ እንጠቀምበት። የትዝታን ወዝ ግን ስልኩ አያውቀውም፤ የመጨረሻው ፍርድ የሽማግሌው ጆሮ ይሁን።

መምህራን፣ ዋሽንት መሥራት የሙዚቃ ትምህርት ብቻ አይደለም። ክፍልፋይ ሒሳብ አለበት፣ የድምፅ ፊዚክስ አለበት፣ የእጅ ሙያ አለበት። 8 ለ9 ለልጅ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ቁጥር ነው፤ ቱቦ ላይ ሲበሳ ግን ይዘፍናል። አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳውም።

ነጋዴዎች፣ ዋሽንት ስትሸጡ መጀመሪያ ንፉት ወይም የሚያውቅ ሰው ይንፋው። ጌጡ አይከፋም፤ እናቶቻችን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ጥለት አላቸው። ግን ጥለቱ ልብሱን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ልብሱ ጥለቱን አይከተልም።

ልጆች፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዋሽንት አፉ ባዶ ነው፤ እንደ ፉጨት በራሱ አይጮኽም። መጀመሪያ ቀን ሽው ሽው ብቻ ነው የምትሰሙት። ሁለተኛም ቀን እንደዚያው ይሆን ይሆናል። ዋሽንቱን በከንፈራችሁ ጥግ ጋደል አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን አቅጥናችሁ ጠርዙን ፈልጉት። ሲገኝ ድምፁ በድንገት ይከፈታል፤ ያን ቀን መቼም አትረሱትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዋሽንት ልመለስ። ለዓመታት ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። ዛሬ ይዤው የመጣሁት ላሳፍረው አይደለም። ይህች በእጄ ያለችው ሰም ናት፤ የንብ ሰም። በጣቴ አሸት አደርጋትና ሦስተኛውን ቀዳዳ ከላይ በኩል፣ ወደ አፍ ወገን ያለውን ጠርዙን፣ እንዲህ ስስ አድርጌ እለጥፋታለሁ። ቀዳዳው ጠበበ፤ መካከሉም ወደ ታች ወረደ። ሁለቱን ሕጎች ታስታውሳላችሁ? ሁለቱም ድምፁን ወደ ታች ያወርዱታል። ልንፋው። ገና ነው፤ ትንሽ ልጨምር። አሁንስ?

እናቴ፣ ፊትዎን አየሁት፤ ፈታ ብሏል። ማሲንቆ የያዝከው ወንድሜ፣ ና ውጣ፤ ከዚህኛው ጋር ተቃኝ። ትዝታን አብረን እንጫወታለን። ከዚያ በኋላ መጋዙና ቱቦው ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ልጆች በተራ እየመጣችሁ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ትጠይቁታላችሁ።